ስንዴው በየት በኩል ገባ?

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ጦርነት ባለበት አገር ለተራበ ሲቪል ሕዝብ የሌላ አገር መንግሥት እርዳታ ሲሰጥ ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚሄድ እናያለን። በዜና የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ መጠኑን ነው፤ የእገሌ አገር መንግሥት ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፣ ይህን ያህል ሺህ ቶን ስንዴ ላከ ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለው እምብዛም አይነገርም። ስንዴው የትኛው ወደብ ላይ ወረደ? ማን ጫነው? በማን ኬላ አለፈ? የተቀባዮቹን ስም መዝገብ ላይ የጻፈው ማን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ የእርዳታን ፖለቲካ መረዳት የሚፈልግ ሰው የሰጪውን ንግግር ከሚሰማ የጭነት መኪናውን መንገድ ቢከተል ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። የ1977ቱን ድርቅ በዓይናቸው ያዩ፣ በኮረምና በባቲ መጠለያ ያለፉ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ሰባ ሰባት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የዝናቡን መጥፋት፣ ከዚያም ፈረንጆች ለእርዳታ ያዘጋጁትን ኮንሰርት ነው። ጦርነቱን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ካርታ ዘርግታችሁ በድርቁ ክፉኛ የተጎዱትን አካባቢዎች በአንድ ቀለም፣ ውጊያ የነበረባቸውን በሌላ ቀለም ብትቀቡ ኤርትራ፣ ትግራይና ሰሜን ወሎ ላይ ሁለቱ ቀለሞች ይደራረባሉ። በአንድ ወገን በሥልጣን ላይ የነበረው ወታደራዊ መንግሥት ደርግ፣ በሌላው ወገን የኤርትራው ሻዕቢያና የትግራዩ ሕወሓት የሚዋጉበት ምድር ነበር።

ዝናብ መቅረቱ እውነት ነው። ይሁንና ዝናብ የቀረበት ገበሬ ከአባቶቹ የወረሰው መላ ነበረው። ከብቱን ነድቶ ሣር ወዳለበት ይሄዳል፤ እህል ወደተረፈበት አገር ለጉልበት ሥራ ይወርዳል፤ በግና ፍየሉን ገበያ አውጥቶ እህል ይሸምታል። ጦርነቱ እነዚህን በሮች አንድ በአንድ ዘጋቸው። መንገዱ በኬላ ተዘጋ፤ ገበያ በአውሮፕላን ይደበደብ ስለነበር በትግራይ ገጠር ሰው ገበያውን በሌሊት ማቆም ጀመረ። በዚያ ረሃብ ስንት ሰው እንዳለቀ አጥኚዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ ዝቅተኛው ግምት 400 ሺህ ገደማ ሲሆን አንድ ሚሊዮን የሚሉም አሉ።

እርዳታውን የሚያስተባብረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር። ይህ ኮሚሽን በ66ቱ የወሎ ረሃብ ማግሥት የተቋቋመ ነው። በ1976 ዓ.ም. ኮሚሽነሩ ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ኮሚሽኑ ለጋሾችን ሰብስቦ 450 ሺህ ቶን እህል ጠየቀ። የራሱ ስሌት የሚያሳየው ፍላጎት የዚያ እጥፍ ነበር፤ ግን ይህን ሁሉ ቢሰጡንስ በምን ወደብ፣ በምን መኪና እናጓጉዘዋለን ተብሎ ግማሹ ብቻ ተጠየቀ። ልብ በሉ፣ ገና ከመጀመሪያው ጥያቄውን የወሰነው የተራበው ሰው ብዛት አልነበረም፤ የመንገዱ አቅም ነው። ለጋሾቹ ደግሞ ግማሹንም አላመኑም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ያቀረበው ግምት 125 ሺህ ቶን ብቻ ነበር፤ ብዙ መንግሥታት ይህን ትንሹን ቁጥር ይዘው ተቀመጡ።

በአገር ቤትም የደርግ መንግሥት ሌላ ጉዳይ ነበረው። መስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሊከበር፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲም (ኢሠፓ) ሊመሠረት ነው። አዲስ አበባ በቀይ ባንዲራና በቅስት አጊጣለች። ሻለቃ ዳዊት በኋላ ከአገር ወጥተው በጻፉት መጽሐፍ ረሃቡን ለማሳወቅ ሲሞክሩ ከላይ ያጋጠማቸውን ቅዝቃዜ ተርከዋል። በዓሉ አለፈ። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ኬንያዊው መሐመድ አሚን በካሜራ ያነሣውን የኮረም ምስል ይዞ ቀረበ፤ ዓለም ያን ጊዜ ደነገጠ። ከመጋቢቱ ጥሪ እስከዚያ ቀን ሰባት ወር ገደማ መቆጠሩን አትርሱ። ጥሪው፣ ሰነዱና ቁጥሩ ሰባት ወር ሙሉ በየመንግሥታቱ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ።

አሁን ወደ ሰጪው መንግሥት እንሂድ። ከሁሉም በላይ እህል የሰጠችው አሜሪካ ናት። ነገሩ ለሚያስብ ሰው ግራ የሚያጋባ ነው፤ የፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን መንግሥት ደርግን የሶቪየት ኅብረት አሽከር አድርጎ ነበር የሚያየው፤ ደርግም አሜሪካን ኢምፔሪያሊስት ብሎ በየሰልፉ ያወግዛት ነበር። እንዲህ ሆነው እንዴት ሰጪና ተቀባይ ሆኑ? የሬገን መንግሥት መልስ በአጭሩ የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም የሚል ነበር። ጥሩ አባባል ነው፤ ሥራም ሠርቷል። ነገር ግን ሕፃኑ ፖለቲካ ባያውቅም ስንዴውን የሚልኩት ሰዎች ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ሕጋቸውም በፖለቲካ የተጻፈ ነው።

የአሜሪካ የምግብ እርዳታ የሚወጣው በ1954 እ.ኤ.አ. በጸደቀ ሕግ ሲሆን መነሻው የአሜሪካ ገበሬ ያመረተው ትርፍ እህል መውጫ ማግኘቱ ነበር። በሌላ በኩል ደርግ በ1967 ዓ.ም. ንብረት ሲወርስ የአሜሪካውያንም ንብረት ካሣ ሳይከፈልበት ተወስዶ ስለነበር የአሜሪካ ሕግ ለኢትዮጵያ የልማት እርዳታ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ የሚሞተውን ሰው ዛሬ ለማብላት ስንዴ መላክ ይቻላል፤ ያው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ራሱ አርሶ እንዲበላ መንገድ መሥራት፣ መስኖ ማውጣት፣ እርሻውን ማቋቋም ግን ልማት ነው። ድንበሩን የሳለው ሕግ አውጪው ነው እንጂ ረሃቡ አይደለም። መጠለያ ጣቢያ ውስጥ በሬው አልቆበት የተቀመጠ ገበሬ የት ላይ እርዳታ አልቆ የት ላይ ልማት እንደሚጀምር ቢጠየቅ ምን ይመልስ ነበር?

አሁን ደግሞ እስኪ እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አብራችሁኝ አስሉ። የተለመደው ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው፤ በቀን ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በወር 75 ኪሎ ይወስዳል። አንድ ሚሊዮን ሰው በወር 15 ሺህ ቶን ወይም 150 ሺህ ኩንታል ይፈልጋል። ተሳቢ ያለው ካምዮን 200 ኩንታል ይጭናል እንበል፤ 750 ምልልስ ያስፈልጋል። መኪናው ከአሰብ ተነሥቶ ሚሌንና ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ ደርሶ፣ አራግፎ፣ ለመመለስ አንድ ሳምንት ቢፈጅበት በወር አራት ጊዜ ይመላለሳል። ስለዚህ ለአንድ ሚሊዮን ሰው ጎማው የማይፈነዳ፣ ሞተሩ የማይበላሽ 190 ያህል መኪና መኖር አለበት። የተጎጂው ቁጥር ግን ሰባት ሚሊዮን ገደማ ነበር። በዚህ ሒሳብ ከ1,300 በላይ ካምዮን ያስፈልጋል፤ ያውም እህሉን ከዋናው መንገድ ወደ ወረዳ የሚያደርሰውን ሳንቆጥር። ጦሩም እነዚያኑ መኪናዎች፣ ያንኑ ነዳጅ፣ ያንኑ ወደብ ይፈልጋል።

የአሰብ ወደብ በእህል ተጨናነቀ። ስንዴው ወደቡ ላይ ሲከመር ሰሜን ወሎ ያለው ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆነበት። ኅዳር 1977 ላይ የተባበሩት መንግሥታት ከርት ያንሰን የተባሉ ፊንላንዳዊ ባለሥልጣን ልኮ የለጋሾችንና የመንግሥቱን ሥራ እንዲያቀናጁ አደረገ። እንዲህ ያለ ሰው ስሙ በታሪክ ብዙ አይነሣም፤ ሥራው ግን ከብዙ ኮንሰርት የበለጠ ሰው ያተርፋል። የትኛው መርከብ መቼ እንደሚገባ፣ የትኛው መጋዘን እንደሞላ፣ የትኛው መኪና ለማን እንደተመደበ ማወቅ ማለት ነው።

መንገድ የማይገባበት አካባቢ ደግሞ ነበር። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም በዚያ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ይሆናል ተብሎ የማይታሰብ ነገር በእኛ ሰማይ ላይ ሆኗል። የብሪታንያ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖቹን ይዞ በጥቅምት መጨረሻ 1977 አዲስ አበባ ገባ፤ ከአንድ ዓመት በላይም ቆየ። የምዕራብ ጀርመን አየር ኃይልም ትራንሳል አውሮፕላኖቹን ላከ። ሶቪየቶች አንቶኖቭ አውሮፕላን፣ ሄሊኮፕተርና የጭነት መኪና አመጡ። ፖላንድ ሄሊኮፕተሮቿን ከነአብራሪዎቻቸው ላከች። እንግዲህ በአውሮፓ ፊት ለፊት ተፋጠው ሚሳይል የደገኑ ሁለት የጦር ኪዳኖች እዚህ አንድ ሜዳ ላይ ተገናኙ። በሰሜን ሸዋ እንደ ራቤል ባሉ ደጋማ ቦታዎች የፖላንድ ሄሊኮፕተር ቀድሞ ይወርድና ሜዳውን ያዘጋጃል፣ ሰውና ከብት ያርቃል፤ ከዚያ የብሪታንያው ሄርኩለስ መሬት ሊነካ እስኪመስል ዝቅ ብሎ እየበረረ ጆንያውን በጅራቱ በኩል ይለቃል። ፓራሹት የለም። እህሉ እንዳይበተን አንዱ ጆንያ በሌላ ጆንያ ውስጥ ይከተታል፤ የውስጠኛው ቢቀደድ የውጪው ይይዘዋል።

ይህ ሁሉ ድንቅ ነው፤ ለቴሌቪዥንም ያምራል። ግን ያሰላችሁትን አትርሱ። አንድ ሄርኩለስ በአንድ በረራ የሚሸከመው ተሳቢ ያለው አንድ ካምዮን ከሚጭነው አይበልጥም፤ የሚፈጀው ገንዘብ ግን ብዙ እጥፍ ነው። አውሮፕላን የሚያስፈልገው ገደል ለበዛበት፣ መኪና ለማይደርስበት ስፍራ ነው። መኪና ሊደርስበት በሚችል አገር ላይ እህል ከሰማይ ሲወርድ ካያችሁ ግን ምድር ላይ አሳልፍም ያለ ሰው አለ ብላችሁ ጠይቁ።

በ1977ም እንዲህ ያለ ችግር ነበር። ከደሴ ወደ ሰሜን፣ በወልድያ፣ በአላማጣና በኮረም አድርጎ መቀሌ የሚገባው መንገድ በጦር የሚታጀብ ኮንቮይ ካልሆነ አያስኬድም ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ገጠር አብዛኛው በሕወሓት እጅ ነው። ኤርትራም ውስጥ እንደዚሁ ከተማው በመንግሥት፣ ሰፊው ገጠር በሻዕቢያ እጅ ነው። ለጋሾች ለምግብ ብቻ የሚሆን የመተላለፊያ መንገድ ይከፈት፣ የእህል መኪና ከሁለቱም ወገን ሳይተኮስበት ይለፍ ብለው ጠየቁ። ደርግ እንቢ አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከሽምቅ ተዋጊ ጋር ስለ መንገድ መደራደር ተዋጊውን እንደ መንግሥት መቁጠር መስሎ ታየው። ሁሉም ሕዝቤ ነው፣ ለሁሉም እኔ አደርሳለሁ አለ። የማያስተዳድረው ገጠር ድረስ ግን ማድረስ አልቻለም።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ነበር፤ በምዕራብ በኩል፣ በሱዳን። ከፖርት ሱዳን፣ ከከሰላና ከገዳሪፍ የሚነሡ ካምዮኖች ቀን ቀን በዛፍና በቋጥኝ ሥር ተሸሽገው ይውላሉ፤ ሲመሽ ይነሣሉ። ቀን ከተንቀሳቀሱ የሚደበድባቸው ሚግ የጦር አውሮፕላን አለ። የእህሉ ባለቤቶች በትግራይ በኩል ማኅበረ ረድኤት ትግራይ፣ በኤርትራ በኩል የኤርትራ ረድኤት ማኅበር ነበሩ፤ ሁለቱም የግንባሮቹ ክንፎች ናቸው። በውጭ በኩል ደግሞ ካርቱም ላይ በኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን እርዳታ ድርጅት የሚመራ፣ የአውሮፓ የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶች በ1981 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የአስቸኳይ እርዳታ ማስተባበሪያ ነበር። መንግሥታት ገንዘብና እህል ለቤተ ክርስቲያናቱ ይሰጣሉ፤ ቤተ ክርስቲያናቱ ለረድኤት ማኅበራቱ ያስተላልፋሉ። አሜሪካም በአዲስ አበባ በኩል ለደርግ አስተዳደር ክልል ስትልክ በጀርባ በር ደግሞ በዚህ መንገድ ሰጠች።

አንድ መንግሥት ለምን በቤተ ክርስቲያን እጅ ይሰጣል? በቀጥታ ከሰጠ ድንበር ጥሶ የሌላውን አገር ሉዓላዊነት ነካ ይባላል፤ የአዲስ አበባውም በር ሊዘጋበት ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ሲሰጥ ግን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ደርግም ያውቅ ነበር። እኔ ይህን ግብዝነት ነው ብዬ ለማውገዝ አልቸኩልም። በዚያ ሌሊት የሚሄድ ኮንቮይ ባይኖር ኖሮ በአድዋና በሽሬ ገጠር ያለ ሰው ምርጫው ወደ ሱዳን በእግር መሰደድ ብቻ ነበር፤ በእርግጥም በ1977 ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ የትግራይ ሕዝብ ሱዳን ገብቷል። ግን ዋጋ የለውም ማለትም አይደለም። እህሉን የሚያከፋፍለው የግንባሩ ክንፍ ከሆነ ግንባሩ በሕዝቡ ዘንድ ይከበርበታል፤ ተዋጊውም ከዚያው ሕዝብ ቤት ይበላል። በሌላው ወገንም ደርግ በከተማ የሚያከፋፍለው እህል ሰውን ወደ ራሱ ክልል ይስባል፤ ሚሊሻውም ከዚያው ይቀምሳል። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ ለረድኤት የተሰጠ ገንዘብ ወደ ጦር መሣሪያ መግዣ ዞሯል የሚሉ የቀድሞ ታጋዮችን አቅርቦ ብዙ አነጋግሮ ነበር፤ ዘገባው ባንድ ኤይድ የተባለው የሙዚቀኞች ድርጅት ገንዘብም በዚያ መንገድ የሄደ የሚያስመስል ነበርና ጣቢያው በዚያው ዓመት ለድርጅቱ ይቅርታ ጠይቋል። ክርክሩ ስለ አንድ ድርጅት ጥፋት ብቻ አይደለም። ጦርነት ባለበት አገር የሚገባ ማንኛውም ኩንታል የአንዱን ወገን ሸክም ማቅለሉ አይቀርም፤ ሊጠየቅ የሚገባው ሲቪሉ ምን ያህሉን በላ የሚለው ነው።

ከመንገዱ ቀጥሎ ያለው መዝገቡ ነው። በደርግ ክልል የተረጂውን ስም የሚያቀርበው ገበሬ ማኅበሩ ነበር። ሊቀመንበሩ የሚያውቀው ይጻፋል፣ የተቀየመው ይቀራል፤ ይህን በየገጠሩ የማይነግራችሁ ሰው የለም። ከዚህም የከፋው መዝገቡ ሌላ ሥራ መሥራቱ ነው። ከኅዳር 1977 ጀምሮ መንግሥት ከሰሜን ወደ ኢሉባቦር፣ ወለጋ፣ ከፋ፣ መተከልና ጋምቤላ 600 ሺህ ገደማ ሕዝብ አሰፈረ። በፈቃዱ የሄደ ነበር፤ ከገበያና ከእህል ማከፋፈያ ተይዞ የሄደም ነበር። ሶቪየቶች ለእርዳታ ያመጧቸው አውሮፕላኖች ሰፋሪ አመላለሱ። ወሬው ሲሰማ አንዳንዱ ገበሬ ልጆቹ እየተራቡ እህል ማከፋፈያው ጋ መሄድን ፈራ። ምግብ የሚሰጥበት ቦታ ሰው የሚታፈስበት ከሆነ ያ ምግብ ወጥመድ ሆኗል። የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ይህን በይፋ ተናግሮ በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። ሌሎቹ ድርጅቶች በአብዛኛው ዝም ብለው ቆዩ፤ እኛም ከወጣን የሚያበላው ማን ነው አሉ። ማን ትክክል ነበር? ይህን ጥያቄ ለተማሪዎች ሰጥቶ የሚያከራክር መምህር ካለ በጣም ጥሩ ክርክር ይወጣዋል፤ እኔ ራሴ አንድ ቀን ወደ አንዱ፣ ሌላ ቀን ወደ ሌላው አደላለሁ።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1949 እ.ኤ.አ. የወጡት የጄኔቫ ስምምነቶች በእርስ በርስ ጦርነት ላይ የሚሉት ጥቂት ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ግን ሲቪሎችን ማስራብን የጦርነት ዘዴ ማድረግ ክልክል መሆኑን በግልጽ ጻፈ፤ እህልን፣ ከብትን፣ የመጠጥ ውኃን ማጥፋትም እንደዚሁ። ኢትዮጵያ ይህን ፕሮቶኮል የተቀበለችው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1986 ዓ.ም. ነው። አሜሪካ እስከ ዛሬ አላጸደቀችውም። በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያወጣው ውሳኔ ቁጥር 46/182 ሰብአዊነትን፣ ገለልተኝነትንና አለማዳላትን የእርዳታ መርሕ አደረገ፤ እዚያው ግን የተረጂው አገር ፈቃድ እንዲኖር አስገባ። እነዚህ ሁለት ሐሳቦች ሲጣሉ ማን እንደሚያሸንፍ ውሳኔው አይናገርም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 2417 ረሃብን እንደ ጦር መሣሪያ መጠቀምን አወገዘ። ሕጉ እየተሻሻለ ነው፤ ኬላው ላይ የቆመው ወታደር ግን የሚሰማው አለቃውን ነው።

ስለዚህ ኬላው ላይ ያለውን ሰው ያሳመኑበትን አንድ ጊዜ ልንገራችሁ። በ1980 ዓ.ም. ሻዕቢያ አፍዓበትን ከያዘ በኋላ ደርግ የውጭ ረድኤት ሠራተኞችን ከኤርትራና ከትግራይ አስወጣ። በየካቲት 1981 ጦሩ ራሱ መቀሌን ለቅቆ ወጣ፤ ትግራይ በሙሉ በሕወሓት እጅ ገባች። በየካቲት 1982 ደግሞ ምጽዋ በሻዕቢያ ተያዘችና ወደቡ ተዘጋ። ድርቅ እንደገና መጥቶ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚነሣ እህል ትግራይ የሚደርሰው የጦር ግንባሩን አቋርጦ ብቻ ነው። ይህን መንገድ ያስከፈቱት የውጭ ጄኔራሎች አይደሉም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር ሆነው ጥምር የእርዳታ ኅብረት መሥርተው ነበር፤ ከሁለቱም ወገን ጋር ተነጋግረው በ1982 የበልግ ወራት ከደሴ ወደ ሰሜን እህል የጫኑ መኪኖች በግንባሩ መሐል እንዲያልፉ አስፈቀዱ። አብዛኛው እህል ከአሜሪካና ከአውሮፓ መንግሥታት የመጣ ነው። ስጦታው የነሱ፣ መንገዱ ግን የካህናቱና የሾፌሮቹ ነበር። ምጽዋም ቢሆን በ1991 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት አደራዳሪነት ለእርዳታ መርከብ ተከፈተች፤ ጦርነቱ ገና እየተካሄደ ማለት ነው። ለዓመታት አይቻልም ሲባል የነበረው፣ ሁለቱም ወገን ከሚያገኘው ጥቅም አንጻር ሲመዝነው ተቻለ።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ በተካሄደው ጦርነት የተባበሩት መንግሥታት በቀን 100 ካምዮን መግባት አለበት ሲል ስንት ገባ፣ ስንት ቆመ የሚለው በየሳምንቱ የዜናው ርእስ ነበር፤ አሁንም ጥያቄው መኪና ነው። ጦርነቱን ካቆመው የሰላም ስምምነት በኋላ ደግሞ የመዝገቡ ጥያቄ መጣ። በሚያዝያ 2015 የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በትግራይ ለተረጂ የመጣ እህል በብዛት ለሌላ ዓላማ ውሏል ብለው ሥርጭቱን አቆሙ፤ በሰኔ መጀመሪያ እገዳው መላ አገሪቱን አዳረሰ። እህል ሰረቀ የተባለው አንድ ሰው አይደለም፤ ሰጪዎቹ ነገሩን የተቀነባበረ ብለውታል፤ መንግሥት በበኩሉ እገዳው ሕዝብን ይጎዳል ብሎ ተከራክሯል። እውነትም ጎዳ። ያልሰረቀችው መበለት ከነልጆቿ ለወራት ያለ ራሽን ቆየች። እርዳታው በኅዳርና ታኅሣሥ 2016 ሲመለስ የተረጂዎች ምዝገባ በአዲስ መንገድ ተደራጀ፤ የአካባቢ ባለሥልጣናት በመዝገቡ ላይ ያላቸው ሚና ቀነሰ፣ የእህሉም ጉዞ በቅርብ እንዲታይ ተደረገ። ገበሬ ማኅበሩ ስም ይጽፍ ከነበረበት ከ1977 አርባ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው ነው መዝገቡ እንዲህ የተነካው።

ያው የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተዘግቶ ሥራው ወደ አገሪቱ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገብቷል። ሰጪው መንግሥት በአንድ ዓመት ምርጫ፣ በአንድ ፊርማ እጁን ሊያነሣ እንደሚችል ይህ ያሳያል። ያን ጊዜ አገር ውስጥ ያለው የእህል ክምችት ነው የሚያስፈልገው። በሚቀጥለው ዝግጅታችን የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ ዋስትና መጠባበቂያ እንዴት እንደሚሠራ እናያለን፤ ለጋሹ እሰጣለሁ ብሎ ቃል ሲገባ እህሉ ከመጋዘን በብድር ወጥቶ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ መርከቡ ሲደርስ እንዴት እንደሚተካ፣ ቃሉ ሳይፈጸም ሲቀርስ ዕዳው የማን እንደሚሆን። በመጋዘን ወይም በጭነት መኪና ሥራ ያሳለፋችሁ አድማጮች ካላችሁ የምታውቁትን ጽፋችሁ ላኩልን፤ ሒሳቡን አብረን እናስላለን።